የእትዬ በለጥሻቸው ጉንጭ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ስዊድን፣ ሶለንቱና የሚባለው ሠፈር ልጄ ቤት ሄጄ፣ ገና ደጃፉን ሳልፍ ሽታው ኮሪደሩ ላይ ተቀበለኝ። የተቃጠለ ባሩድ ነበር። ሌላ ሰው ክብሪት ተጭሮ ነው፣ ወይም ሻማ ጠፍቶ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። የእኔ እግር ግን እዚያው ቀረ። በአዲስ ዓመት ማታ እኔ በምኖርበት በሁስቢ ርችቱ ሲተኮስ በረንዳዬ ድረስ የሚወጣ ሽታ አለ፤ እሱ ሌላ ነው፣ የልጆች ጨዋታ ይሸታል። ይህኛው የረጠበ ሱፍና የብረት ዘይት ተቀላቅሎበት፣ መስቀያው ላይ ከተንጠለጠለው ካፖርት ይመጣ ነበር። ካፖርቱ የአማቼ ነው።

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ኤሪክ ይባላል። የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ዳቦ ሲቆርጥ እንኳ በዓይኑ ለክቶ የሚቆርጥ። ዒላማ መተኮስ ይወዳል። በጣም ሩቅ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ነው የሚመታው፤ እኔ አንድ ቀን ወስዶኝ ወረቀቱን ፈልጌ አጥቼው ዛፍ ዛፉን ሳይ ውዬ ተመልሻለሁ። ጥይቱን ከሱቅ አይገዛም። ከቤታቸው ሥር፣ እነሱ ሼላሬ የሚሉት ምድር ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ራሱ ይሞላዋል። ቀለሁን፣ ማለት ተተኩሶ ባዶ የቀረውን ናስ፣ አጥቦ ያደርቃል፤ ባሩዱን የመድኃኒት ቤት በመሰለ ሚዛን ይመዝናል፤ ከላይ አረሩን ይገጥማል። ጠመንጃው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚኖረው፤ የቁልፉን ቦታ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ደግሞ አሳምሮ ያደርገዋል፤ ይህን ለማማት አይደለም የማወራው።

ያን ቀን ግን ከወትሮው ቀድሞ ተመልሷል። ልጄ ሰብለ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ከሽንኩርቱ ይልቅ ቢላዋው ያስፈራል። ምን ሆናችሁ ብዬ ብጠይቅ ምንም አለችኝ። ቆይታ ነው የነገረችኝ። ኤሪክ አዲስ የሞላቸውን ጥይቶች ሊሞክር ሄዶ፣ ጥቂት እንደተኮሰ የጠመንጃው መዝጊያ አልነሳ ብሎታል። በመዳፉ መትቶ አስከፈተው። ከዚያ አንዲት አልጨመረም፤ ዕቃውን ሰብስቦ መጣ። ችግሩ በሚቀጥለው ቅዳሜ ውድድር አለው፤ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ውድድር ነው፤ ለዚያ የሞላው ሣጥን ሙሉ ጥይት ደግሞ ሁሉም የአንድ ሙሌት ነው። እሷ ጣላቸው ትላለች፤ እሱ ቆይ መጀመሪያ ምን እንደነካቸው ልወቅ ይላል። ከእነዚህ ሁለት ቃላት መሀል ገብቼ ነው የተቀመጥኩት።

ኤሪክ ከሼላሬው ወጣና ባዶዎቹን ቀለሆች በነጭ ጨርቅ ይዞ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ያያቸው ጀመር። እኔ ከጎኑ ነኝ። አንዱን አነሳሁ። እጄ ማንን እንደጠየቀ አላውቅም፤ ብቻ ቀለሁን አንስቼ በታችኛው ከንፈሬ ላይ ቀስ አድርጌ አሳለፍኩት፤ ከአፉ ጀምሬ እስከ ቂጡ።

«ኔይ፣ ኔይ፣ ሞርሞር» ብሎ ኤሪክ ከወንበሩ ተነሳ። ልጆቹ በሚጠሩኝ ነው የሚጠራኝ፤ የእናት እናት ማለት ነው። «ብሊ፣ ብሊ» ይላል፤ እርሳስ ነው፣ መርዝ ነው ለማለት። ሰብለ ቢላዋዋን ጥላ መጣችና ክንዴን ይዛ ቧንቧው ሥር አቆመችኝ። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አፌን አጠበችኝ። የገዛ ልጄ፣ እኔ አፍንጫዋን ስጠርግላት የኖርኩት። «ቀለህ መላስ ደግሞ ከየት የመጣ ነው እማዬ?» አለችኝ። ልጆቹ ከሶፋው ላይ ሆነው እየሳቁ በስዊድንኛ አንድ ነገር ተባባሉ፤ አያታችን አበቃላት ሳይሉ አይቀሩም።

አልላስኩም። መላስና መዳሰስ ይለያያል። እንዲህ የሚያደርጉ የማውቃቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እትዬ በለጥሻቸው። ስማቸው አፌ ላይ ሲመጣ ሳሙናውም አብሮ ነበር።

የተወለድኩት መርሐቤቴ ነው፤ ጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ። ከደጃችን ቆሞ ቁልቁል ያየ እንግዳ ግንቡን ይይዝ ነበር። ማዶ ያለው ገደል ቅርብ ይመስላል፤ ሰው ከሰው ተጣርቶ ይሰማማል፤ በእግሬ ልሂድ ያለ ግን ማለዳ ወርዶ ጀንበር ስትጠልቅ ነው የሚወጣው። ጥይትም እንደዚያው ነው። እዚህ ሆኖ ሲያዩት እጅ ዘርግተው የሚነኩት የሚመስል ድንጋይ አረሩን መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

እትዬ በለጥሻቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት። ከቀኝ ዓይናቸው ሥር እስከ አገጫቸው ድረስ ጉንጫቸው ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበረበት። እኛ ልጆቹ ንቅሳት ይመስለን ነበር። አንዲት የሠፈራችን ልጃገረድ ለሠርጓ እንዲህ አድርገው እንዲነቅሷት ስትለምናቸው ሰምቻለሁ። ሳቁና «ነቃሹ ሞቷል፣ ልጄ» አሏት።

በኋላ እናቴ ነገረችኝ። ባላቸው ባዶ ቀለህ እየሞሉ የሚያድሩ ጥይት ሞይ ነበሩ። አንድ ጊዜ ለሠርግ ተቻኩለው ሞሉ፤ ነጋዴው ያመጣው ባሩድ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይመረምሩ። እትዬ ከጎናቸው ቆመው ሳሉ ጠመንጃው በአፈሙዙ ሳይሆን በኋላው ተኮሰ። ባልየው ብዙም አልቆዩም። ለእትዬ የቀረላቸው ከቆዳቸው ሥር የገባው ባሩድ ነው፤ አልወጣ ብሎ ሰማያዊ ሆኖ ኖረ።

ሌላ ሴት ብትሆን ያን ዕቃ ገደል ትሰደው ነበር። እሳቸው አርባው ከወጣ በኋላ የድኩላ ቀንድ መስፈሪያውን፣ የአረር ማፍሰሻውን፣ የእንጨት መዶሻውን አውጥተው አጠቡና መሙላት ጀመሩ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ቆይቶ ግን ጠመንጃ ያለው ሁሉ ቀለሁን በጨርቅ ቋጥሮ እሳቸው ደጅ ይቀመጥ ጀመር። ሌላው ሞይ ሞልቶ ይሰጥህና መንገድህን ይልሃል። እሳቸው ግን የሞሏትን የመጀመሪያዋን ጥይት ራሳቸው ነበር የሚተኩሷት፤ በባለቤቱ ጠመንጃ፣ ባለቤቱ ቆሞ እያየ። ምን ዓይነት ልማድ ነው ሲሏቸው፣ ያበሰለ ይቅመስ ይላሉ።

ደጃፋቸው ሰም ሰም፣ የቀለጠ እርሳስ እርሳስ ይሸታል። ባሩዱ ባለበት ቤት እሳት አይገባም፤ ትምባሆ የሚያጨስ ሽማግሌ ከአጥሩ ውጭ ነው የሚያወራቸው። ቀንዱን በባሩድ ሞልተው አፉን በዶሮ ላባ ይጠርጋሉ፤ በክረምት ሙሉውን፣ በበጋ ግን ትንሽ አጉድለው። ፀሐይ ባሩድን ታስቆጣዋለች ይሉ ነበር። አረሩን ከማፍሰሻው አውጥተው ጥቁር ድንጋይ ላይ ጣል ያደርጉታል፤ ድምፁ ካልጣማቸው ውስጡ ባዶ ነው ብለው ወደ ማቅለጫው ይመልሱታል።

ትልቁ ሥራ ግን ከተኩሱ በኋላ ነበር። ሰው ሁሉ አረሩ የት ገባ ብሎ ማዶ ማዶ ሲያይ፣ እሳቸው እጃቸውን ያዳምጣሉ። መዝጊያው ሳይታገል ከተነሳ ደህና ነው። ከታገለ ከዚያ ሙሌት ሌላ አንዲት አትተኮስም፤ ሁሉም ይፈታል። ቀጥለው የቀለሁን ቂጥ ያያሉ። መምቻው የሚነካት ትንሿ ቆብ ዳር ዳሯ ክብ እንዳለ ከሆነ ጥሩ። እንደ ተረገጠ ሊጥ ተዘርግታ ጎድጓዳዋን ከሞላች፣ ወይም ጥላሸት ዙሪያዋን ካወጣች፣ ውስጥ ያለው ኃይል መውጫ እየፈለገ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ከንፈር። ጣታቸው በእርሳስ ቃጠሎ ደንዝዞ ነበርና ባዶውን በታችኛው ከንፈራቸው ላይ ያሳልፉታል። ዓይን ያለፈው እብጠት፣ ገና ያልተወለደ ስንጥቅ፣ ከንፈር ላይ ይያዛል። እኔ ዙሪያቸውን ስዞር ሲያዩኝ አንዱን ቀለህ ይሰጡኝና እስቲ አንቺስ ይሉኛል። መልሴን ሲሰሙ አዎም አይደለምም አይሉም፤ ወስደው እንደገና ራሳቸው ያሳልፉታል።

በረዶ ያጨደን ዓመት ነበር። ገብሱ ሊታጨድ ሲል ወርዶ ከጭቃ ደባለቀው። እናቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ጎተራችን ሲነኩት እንደ ከበሮ ይጮኻል። የአገሩ ባላባት ገደሉ ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ ማሽላ የሚያበቅል ለም መሬት ነበራቸው። ዝንጀሮ ግን ከማዶው ገደል እየወረደ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባላባቱ እንዲህ ብለው አስነገሩ፦ ከእኛ አፋፍ ሆኖ ማዶ ያለውን፣ ነጭ አፈር የተቀባውን ድንጋይ የመታ ሰው ያን መሬት ይረስ፣ ከዚሁ ሆኖ እየጠበቀ ይብላ። ለሌላው ጨዋታ ነበር። ለእኛ ግን ወይ ያን መሬት ማግኘት፣ ወይ ቤታችንን ዘግተን አገር መልቀቅ ነበር። አባቴ ይህንን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ጮክ ብሎ የተናገረው፤ ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

አባቴ ጌታነህ ተኳሽ ነው፤ ጠላቱም አይክደውም። ጠመንጃው ግን ውጅግራ ነበር፤ አሮጌ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ሲተኮስ ጎጆ የሚያህል ጭስ የሚተፋ። በእትዬ ጥይት ደጋግሞ ሞከረ፤ አረሩ ከነጩ ድንጋይ በታች ካለው ቁጥቋጦ አላለፈም። የሚወዳደሩት ሩቅ የሚደርስ ምንሽር የያዙ ናቸው።

በዚያው ሰሞን የአጎቱ ልጅ ከወታደር ቤት ለእረፍት መጣ። ከአዲስ ጥይት የተፈታ ባሩድ በመሐረብ ቋጥሮ ሰጠው። ጥቁር አይደለም፤ ግራጫ፣ ተቆራርጦ የደቀቀ የፈረስ ጭራ የመሰለ። ይህ አያጨስም፣ ድንጋዩን አልፎ ነው የሚሄደው አለው። አባቴ እኔን አስከትሎ እየሮጠ ነው እትዬ ደጅ የደረሰው።

መሐረቡን ፈቱት። ቆንጠር አድርገው አሸተቱት፣ በጣታቸው አሹት፣ ከዚያ እንደነበረ ቋጥረው መለሱለት። አልሞላም አሉት።

«ለምን እትዬ? ባሩድ እንደሆነ ባሩድ ነው።»

«ሰውም ሰው ነው፤ የማላውቀው ግን እኔ ቤት አያድርም።»

አባቴ ሳቀ፤ ግን አልተመለሰም። ድንጋይ ላይ ከሁለቱም ባሩድ ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ከአጥሩ ውጭ እሳት ሰደደባቸው። ጥቁሩ ቡፍ ብሎ በአንዴ ጠፋ። አዲሱ ግን እየተንቀረፈፈ፣ በቢጫ ነበልባል፣ እንደ ስብ ቀስ ብሎ ነደደ። አባቴ ፊቱ በራ። ይኸው አዩት፣ እንዲያውም የዋህ ነው፣ ከጥቁሩ ይልቅ ይሄኛው ነው ቀንዱን እስከ አፉ መሙላት የሚችል አላቸው። እዚያ የነበርነው ሁላችንም እውነት መስሎን ነበር። ዓይናችን አይቶታላ።

እትዬ ግን ድንጋዩ ላይ የቀረውን አመድ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ደጅ ነው ያነደድከው። በር ተዘግቶበት አላየኸውም» አሉት።

አባቴ ቤቱ ገብቶ ራሱ ሞላ። ሲሞሉ ብዙ ጊዜ አይቷልና እጁ ያውቀዋል። ለውድድሩ ዋዜማ፣ ከብቶች ሲገቡ እትዬ ቤታችን መጡ። ተቀመጡ ብትላቸው እናቴን እምቢ አሏት። ጠመንጃውን ከወይራው ግንድ ጋር በመጫኛ እንሰረው፣ ምላጩን በገመድ ከድንጋዩ ኋላ ሆነን እንሳበው፣ ያኔ እንወቀው አሉ።

«ቢሰበርስ?» አላቸው አባቴ።

«ይሰበራላ።»

«ታዲያ ነገ በምን ልተኩስ?»

እትዬ ቆመው የእናቴን ሆድ አዩ፣ ጎተራውን አዩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እናቴ ከዚያ በኋላ ራት አላቀረበችም። ራትም አልነበረም።

በማግሥቱ አፋፉ ላይ አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ባላባቱ ጥላ ተይዞላቸው ከበርኖሳቸው ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ወንዶች ፊት፣ ሴቶች ከኋላ፣ እኛ ልጆች ከሁሉም እግር ሥር። ነጩ ድንጋይ ማዶ ፀሐይ ላይ እንደ ጥርስ ያበራል። ምንሽር የያዙት አንድ በአንድ ተኮሱ፤ አንዱ ከላይ ሳተው፣ አንዱ ከጎኑ አቧራ አስነሳ፣ ሌላው ነፋስ ወሰደብኝ ብሎ ተሳቀበት። ማንም አልመታውም። አንድ ሰው ብቻ ሁለተኛ ዕድል ይሰጠኝ ብሎ ለምኖ ከባላባቱ ቆይልኝ ተብሏል። አባቴ ሲጠራ አፈሙዙን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ተንበረከከ። ጥይቱን የእትዬ ሙሌት ካለበት ዝናሩ አላወጣም፤ እጁን ብብቱ ውስጥ አስገብቶ ነው ያወጣው። ያንን ያየነው ሁለት ነን፤ እኔና እትዬ በለጥሻቸው።

ከሴቶቹ መሀል ወጡና በወንዶቹ መሀል እየሄዱ ከአባቴ በስተቀኝ ቁጭ አሉ። ምን ሊሉት ነው ብለን ስንጠብቅ፣ ምንም ሳይሉት ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ግራ ጉንጫቸውን፣ ያልተነቀሰውን፣ ከጠመንጃው መዝጊያ ጎን አስጠጉት። ጭስና ብረት ቢወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ነው።

«አንዱን ጉንጬን ባሌ ነቅሶልኛል። ይሄኛውን አንተ ንቀስልኝ» አሉት።

አንዳንዱ ሳቀ። ባላባቱ ሴትዮዋን አንሷት አሉ። የተንቀሳቀሰ ግን የለም፤ እዚያ የቆመው ወንድ ሁሉ ዝናሩ ውስጥ የእሳቸው እጅ የነካው ጥይት ይኖረዋል፣ ወይ ነበረው። ሳቁ አለቀ። ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማ ጀመር።

አባቴ ዓይኑን ከዒላማው ሳያነሳ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ ይነሱልኝ አላቸው። አገጩ ላይ ላብ ሲንጠባጠብ አያለሁ። እትዬ አልተነሱም። ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም።

«ደህና ነው ካልክ ተኩስ። እንዲያውም ልጅህ እዚህ አለች፤ ትምጣና በወዲያ በኩል ትቀመጥ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ነይ አስካለ» አሉኝ።

እኔ ትልቅ ሰው ሲጠራኝ መሄድ ነው የለመድኩት። ተነሳሁ። እንዳልፈራሁ አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም አባቴ እዚያ ነው፣ እትዬም እዚያ ናቸው፣ ከሁለቱ ሌላ የማምነው ሰው አልነበረኝም። ቀሚሴ ቆንጥር ይዞት እየታገልኩ ስመጣ አባቴ ዓይኑን ከጠመንጃው ላይ አንስቶ አየኝ። እጄን አየ፣ ፊቴን አየ። ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር። ጣቱን ቀስ ብሎ፣ ከተኛ ሕፃን ሥር እንደሚያወጡት ክንድ፣ አወጣው። መዝጊያውን ከፈተ። ያችን ጥይት አውጥቶ ብብቱ ከተታት፤ ከዝናሩ የእትዬን አንዲት አጎረሰ።

ያኔ እትዬ ጉንጫቸውን አነሱ። አባቴ ተኮሰ። ጭሱ ሸፈነንና ሲገለጥ፣ አቧራው ከነጩ ድንጋይ በታች፣ ያው ቁጥቋጦ ላይ ተነሳ። ቆይልኝ የተባለው ሰው በሁለተኛው ዕድሉ የድንጋዩን ጫፍ ሰበረው። መሬቱ የእሱ ሆነ።

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእትዬ ሰላምታ ነፈጋቸው። በደጃፋቸው ማለፍ ትቶ በቁልቁለቱ ይዞር ጀመር። ገበያ ሲሄድ ወንዶቹ፣ ጌታነህ፣ ዛሬስ ማን ፈቀደልህ ይሉታል። እናቴ በምታለቅስበት ጊዜ የማንን ስም እንደምትረግም አልሰማሁም፤ ብቻ ከእትዬ ማድቤት እሳት መጫር ተወች። እትዬ እንደ ድሮው ደጃፋቸው ቁጭ ብለው ላባቸውን ይዘው ይሞላሉ። ሳልፍ ይጠሩኛል፤ እኔም ዙሪያዬን አይቼ እሄድላቸዋለሁ። ይቅርታም አይጠይቁ፣ ትክክል ነበርኩም አይሉ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው አንዳንዴ የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ልክ መሆናቸውን እንኳ የሚያውቁት አይመስሉም።

አገር ለቀን ልንሄድ ዕቃ ስንቋጥር፣ አንድ ጧት አባቴ ውጅግራውንና መጫኛውን ይዞ ብቻውን ወጣ። ተከተልኩት። ከቤታችን በታች ካለው ወይራ ጋር ጠመንጃውን አጥብቆ አሰረ፤ ራሱ የሞላትን ያችን ጥይት አጎረሰ፤ ገመዱን ምላጩ ላይ አስሮ ከአለቱ ኋላ ተቀመጠ። እኔን ሲያየኝ አልተቆጣም፤ ሳበኝና ከጎኑ አስጎነበሰኝ። ለረጅም ጊዜ ገመዱን ይዞ ቆየ። ያችን ጠመንጃ ከአባቱ ነው የወረሳት፤ ሌላ የሚሸጥ ነገርም አልነበረንም። ከዚያ ሳበው።

እንደ ጥይት አልጮኸም። ደረቅ ግንድ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት፣ አጭር፣ ክፉ ድምፅ ነበር። ስንወጣ ጭስ የለም። መዝጊያው ከቦታው የለም፤ ፈልገን ፈልገን ከኋላ ካለው የግንብ አጥር ውስጥ፣ ሁለት ድንጋይ መሀል ተሰክቶ አገኘነው። ሰደፉ ጉንጭ ከሚያርፍበት ላይ ለሁለት ተተርትሯል። አባቴ የተተረተረውን እንጨት በእጁ ይዞ ቁጭ አለ። ጣቱን ስንጥቁ ላይ፣ ከዚያ የገዛ ጉንጩ ላይ፣ ከዚያ ዓይኑ ላይ አደረገ።

ስብርባሪውን በጋቢው ሰብስቦ በቀጥታ በእትዬ ደጃፍ ገባ። ከእግራቸው ሥር ዘረገፈው። እሳቸው የተቀደደውን ቀለህ አንስተው አገላብጠው አዩት፤ ከንፈራቸው ድረስ አላደረሱትም፤ ለዚያ ከንፈር አያስፈልግም።

«ተመስገን። ብረት ብቻ ነው» አሉ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ለሠፈሩ ግን ጠመንጃውን ለመንገድ ስንቅ ሸጬዋለሁ ነው ያለው፤ እናቴ እንኳ እውነቱን የሰማችው አዲስ አበባ ገብተን፣ ወንድሜ ከተወለደ በኋላ ነው። አባቴ ጉለሌ የአንድ ግቢ ዘበኛ ሆነ፤ በዱላ። እትዬ በለጥሻቸውን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ሲሞቱ ወሬው ቆይቶ ነው የደረሰን። ያኔ አገሩ ሌላ ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ ቀለህ የሚለቅምም፣ የሚሞላም አልነበረም። ዕቃቸው የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ ሶለንቱና ኩሽና ውስጥ እኔ በአማርኛ እያወራሁ ሰብለ ወደ ስዊድንኛ እያዞረች ለኤሪክ ነገረችው። ጉንጫቸውን ያስጠጉበት ላይ ስትደርስ ቆመች፤ የስዊድንኛ ቃል ያጣች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኤሪክን ነው የምታየው። ኤሪክ እኔ ሳልመጣም ወስኖ ኖሯል፤ ሲሰማኝ ሳለ ከሼላሬው መፍቻውን አምጥቶ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ይፈታ ነበር፣ አረሩን ወዲህ፣ ባሩዱን ወዲያ። ሚዛኑ ላይ እንደሆነ ስህተቱ፣ ወይም ቀለሁ ላይ፣ ገና አላወቀም። ውድድሩ ለሌላ ዓመት ይደርሳል አለ። ሰብለ ትከሻው ላይ እጇን አሳርፋ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ቢላዋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

እኔ አውቶቡስ ይዤ ወደ ሁስቢ ስመለስ ያሰብኩት አባቴን ነው። እሱ ሲያረጅ ጆሮው ደከመ፣ ጉልበቱ ደከመ፤ ሰው በስሙ ሲጠራው እንኳ ዞሮ የሚያየው ሌላውን ነበር። እኔ በሱዳን አድርጌ እዚህ ከገባሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ሄጄ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት። እናቴ የጋቢ ጥለት እየሰፋች ክሯ አልገባ ብሏት መርፌውን አቀበለችው፤ ልማዳቸው ነበር ለካ። አባቴ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ክሩን አሳለፈው። ከዚያ እኔ እያየሁት መሆኔን አይቶ ክሩን መልሶ መዘዘው። የጨፈነውን ዓይን ከፈተ፣ የከፈተውን ጨፈነ፣ እንደገና አሳለፈው።

«ሁለቱም ያያሉ» አለኝ።

የእትዬን ስም አልጠራም። እኔም አልጠራሁም። እናቴ መርፌዋን ተቀብላ ስፌቷን ቀጠለች።